ከግድግዳ እስከ ጡት ወተት፦ የማይጠፉ በካዮችና የክትትላቸው ጉዳይ ከጅማ ሲታይ

በጅማ ከተማ በጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌም ይሁን በአካባቢው በሚገኙት በሰርቦና በአሰንዳቦ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ተስፋና ስጋት አብረው ይመጣሉ። ቡናው መቅላት ይጀምራል፤ ውሃ ባቆረበት ሁሉ ደግሞ የወባ ትንኝ ትራባለች። ለዚህ ስጋት ለበርካታ አሥርት ዓመታት የተሰጠው ዋነኛ መልስ፣ መርጫ በጀርባው ያነገበ ሠራተኛና ዲዲቲ የተባለው ኬሚካል ነበር። በጭቃ በተመረገ ግድግዳ ላይ የተረጨ ዲዲቲ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ትንኝ የመግደል ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ዋጋው ርካሽ መሆኑና ይህ ዘላቂነቱ በጤና ሠራተኛውም በነዋሪውም ዘንድ ተመራጭ አድርገውታል። ነገር ግን በግድግዳ ላይ የተመሰገነ ዘላቂነት በሰው አካል ውስጥ ሲገኝ ምን ሊባል ነው?

ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ያረጋገጠው የስዊዘርላንዱ ኬሚስት ፖል ሙለር ነው፤ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1939 አግኝቶ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። ሽልማቱ ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ ከወባና ከተስቦ የተረፈው ሕይወት እጅግ ብዙ ነው። ሆኖም ኬሚካሉ በቀላሉ አይበሰብስም፣ በውሃ አይሟሟም፣ በስብ ውስጥ ግን ይከማቻል። ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ሰው እየተሸጋገረ በየደረጃው መጠኑ ይጨምራል። ከእናት አካል ዋነኛ መውጫው ደግሞ ስብ ያዘለው የጡት ወተት ነው። የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጸድቅ ዲዲቲን ጨምሮ በ12 በካዮች ላይ ገደብ የጣለው ስለዚህ ነው። ኢትዮጵያም በ2003 ስምምነቱን ተቀብላለች። ይሁንና ስምምነቱ ዲዲቲን ፈጽሞ አልከለከለም፤ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ እንዲውል በር ከፍቶለታል። ይህ በር የብዙ አዳጊ አገሮችን አጣብቂኝ ያሳያል፤ ዛሬ በወባ የሚታመመውን ሕፃን ለማዳን፣ ነገ ጡት በሚጠባው ሕፃን አካል ውስጥ ቅሪት ማኖር ይቻላልን?

ጥያቄው በጅማ ዙሪያ የሐሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተማ የእናት ጡት ወተትንና የላም ወተትን መርምሯል። በሦስቱ ቦታዎች አንድ ሕፃን ከእናቱ ወተት በቀን የሚወስደው ዲዲቲ በአማካይ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 62 ማይክሮ ግራም ያህል ሆኖ ተገምቷል። ጥናቱ ለንጽጽር የወሰደው የዓለም አቀፍ ተቋማት ወሰን 20 ማይክሮ ግራም ነበር። ይህ ማለት ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ውጤቱን ያነበበ ሰው እናቶች ጡት ማጥባት ያቁሙ ወደሚል ድምዳሜ ቢቸኩል ግን ይሳሳታል። የዓለም ጤና ድርጅት የጡት ወተት ጥቅም ከሚያሰጋው ቅሪት እንደሚበልጥ አበክሮ ይገልጻል። መስተካከል ያለበት ወተቱን የበከለው ሥርዓት እንጂ የእናቲቱ ምግባር አይደለም።

በካዮቹ ድንበር እንደማያውቁ ለማሳየት ከቡና የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የሊንዴን፣ የሄፕታክሎርና የክሎርዴን ቅሪት በማግኘቷ ንግዱ ክፉኛ ተናግቷል። የቡና ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ ፀረ ተባይ አይረጭም፤ ጥርጣሬው በዋናነት ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ሌላ ቦታ፣ ለሌላ ዓላማ የተረጨ ኬሚካል ጫካ ውስጥ የበቀለን ቡና ተከትሎ ቶኪዮ ደረሰ። ዋጋውን የከፈለው ግን መርጫ ይዞ የማያውቅ ገበሬ ነው።

ከዚህ የተነሣ ክትትሉም ብሔራዊ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። በስቶክሆልም ስምምነት ሥር የተዘረጋው ዓለም አቀፍ የክትትል ዕቅድ አየርን፣ የእናት ወተትንና ደምን ዋና ምስክሮች አድርጎ ይጠቀማል። ኢትዮጵያ በዚህ ሥራ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከዛምቢያ፣ ከግብፅና ከሞሪሸስ ጋር ተሳትፋለች። አየሩን ለመለካት ስፖንጅ መሰል ክብ ማጣሪያ በመከለያ ውስጥ ተሰቅሎ ለሦስት ወራት ያህል ይቆያል። ለወተቱ ደግሞ የበኩር ልጃቸውን ከወለዱ 50 ያህል እናቶች ናሙና ይሰበሰብና ይቀላቀላል፤ ቅልቅሉም ጀርመን፣ ፍራይቡርግ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ይመረመራል። የመለኪያው ስልት በሁሉም አገር አንድ ዓይነት በመሆኑ የአንዱ አገር ቁጥር ከሌላው ጋር፣ የዛሬውም ከነገው ጋር ሊነጻጸር ይችላል። በናሙናው ውስጥ ዲዲቲ ከመበስበስ ውጤቱ ከዲዲኢ ጋር ያለው ምጣኔም ብክለቱ የቅርብ ይሁን የቆየ ይጠቁማል። በድብቅ የሚረጭ አዲስ ዲዲቲ ካለ ቁጥሩ ይናገራል።

መለካት ግን ማስተዳደር አይደለም። በአስተዳደሩ በኩል ሁለት ነገሮች ተስፋ ይሰጣሉ። ከ1,000 ቶን በላይ ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ተሰብስቦ ፊንላንድ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ተደርጓል። ዲዲቲም ከቤት ውስጥ ርጭት ወጥቷል። የመጨረሻው እርምጃ ግን ከአካባቢ ጥበቃ ይልቅ ለትንኟ ብርታት የሚሰጥ ምስክርነት ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተካሂዶ በ2011 የታተመ ጥናት የወባ ትንኝ ዲዲቲን ብቻ ሳይሆን በምትኩ የመጡትንም ኬሚካሎች መላመዷን አሳይቷል። አንዱን ኬሚካል በሌላ መተካት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም። አጎበር፣ ያቆረ ውሃን ማፋሰስ፣ ፈጣን ምርመራና ሕክምና፣ እንዲሁም ለጤና የመጣ ኬሚካል ወደ ጫት ማሳ እንዳይሾልክ የሚያደርግ ቁጥጥር ተደጋግፈው መሄድ አለባቸው።

በክትትሉ ሰንሰለት ውስጥ ደካማው መያያዣ ከሁሉ የመጀመሪያው ነው። ናሙናው ከአንዲት እናት ተነሥቶ ሌላ አህጉር ይደርሳል፤ ከዚያ በጉባኤ ሰነድ ላይ የአገር ስም ያለበት አንድ አኃዝ ይሆናል። ወተቷን የሰጠችው እናት ግን ለእሷና ለልጇ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራት እምብዛም አታገኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን መርማሪውንም ይመለከታል። የጅማን ወተትና ቡና እዚሁ አገር ውስጥ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለካ ቤተ ሙከራ፣ ውጤቱንም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሚያስረዳ ተመራማሪ እስካልተገኘ ድረስ፣ ክትትሉ የሚያገለግለው ቁጥሩን የሚያነቡትን እንጂ ቁጥሩን የሆኑትን አይሆንም።