ከአንኮበር ቁልቁል

በቡድን ሲኬድ እርምጃውን የሚወስነው ፊት ፊት የሚፈጥነው ጎረምሳ ነው። እኔ ግን ኋላ ከቀረው ጋር መሄድ ይሻለኛል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው እየቆመ ስለሚሄድ ካቡንም፣ የገብሱን ማሳም፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን ሰውም ያያል።

*

አብዛኛው ተጓዥ አንኮበር ሲደርስ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። ኮረብታው መወጣቱ ተገቢ ነው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻቸው ይኸው ነበር፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት የተቀመጡት እዚሁ ነው። ነገር ግን የቤተ መንግሥቱ ሀብት ከየት እንደመጣ ማወቅ የፈለገ ሰው ወደ አልዩ አምባ መውረድ አለበት። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው ሲራራ ነጋዴ የሚያራግፈው እዚያ፣ ከዳገቱ ሥር ነበር። ጨው፣ ጨርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ስለ ነገሥታቱ ግርማ አሳምሮ የሚተርክ አስጎብኚ ይህችን ሲዘልላት ያመኛል። በዚያ ቁልቁለት ወደ ባሕር የተነዱት ልጆችም የአንኮበር ታሪክ ናቸው።

*

እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ከዚያው ከታጁራ ነው። ከጥቂት አሠርት ዓመታት በኋላ ደግሞ ጣሊያኖች እዚሁ አንኮበር አቅራቢያ፣ ሌት ማረፊያ፣ የጥናት ጣቢያ አቋቋሙ። መሪያቸው አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አረፈ። ዛሬ ጭር ያለ መንደር የሚመስለን አንኮበር የአውሮፓ መንግሥታት ዓይን የተተከለበት ነበር።

*

ቁልቁለቱን ስንወርድ አንዲት እናት ከደጃቸው ብድግ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ» አሉ። ፊተኞቹ በዝምታ አለፉ፤ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ነበር። ኋላ የመጣች ልጅ ቆማ «እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፣ እርስዎስ እንዴት ዋሉ?» እስክትል ድረስ እኚህ ሴት አልተቀመጡም። በሰው ደጅ ሲያልፉ ሰላምታ መስጠት፣ የሚያርስ ሰው ሲያዩ «እግዜር ያበርታ» ማለት ከመነሻው ሊነገር የሚገባ ደንብ ነው።

*

በዚህ ገደል ላይ የምትኖር የአንኮበር ሰሪን የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። በሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ትናንት ማለት ይቻላል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። መልኳ ደብዛዛ ቡናማ ስለሆነ የሚፈጥን ተጓዥ አያያትም።

*

ጉዞ ለምታዘጋጁ አንድ ልመና አለኝ። ምሳውን ከአዲስ አበባ ጭናችሁ አትምጡ። እንጀራውን ከመንደሩ ግዙ፣ መንገድ የሚያሳየውን የአገሬውን ወጣት ደህና አድርጋችሁ ክፈሉት፣ ዕቅዳችሁ ውስጥም አልዩ አምባን አስገቡ።