አርባ በመቶ

ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሐይቅ ከተማ፣ ወሎ

የተማሪዎች ፈተና ሳርም አመሸሁ። «ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው መልስ በየወረቀቱ አለ። ልጆቹ የጻፉት የተማሩትን ነው፤ እኛም የተማርነው እሱኑ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የዚህን አባባል መሠረት ሲመረምር በመስክ ልኬት የተደገፈ ሆኖ አላገኘውም። አንዱ ከሌላው ሲቀዳው የኖረ ቁጥር ነው።

የሚያንገበግበኝ ቁጥሩ መሠረት ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ጥፋተኛውን አስቀድሞ መወሰኑ ነው። ደኑ ትናንት ኖሮ ዛሬ ከሌለ ማን ጨረሰው? ገበሬው! ከዚያ ወዲያ ምከሩት፣ ቅጡት፣ ከተራራው አስነሱት እንጂ ጠይቁት የሚል አይገኝም።

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ

ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ስለ እኛው ወሎ የጻፈውን ሳነብ ሰነበትኩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ የተነሱ ፎቶዎችን ይዞ ካሜራው የቆመበትን ቦታ እየፈለገ ያንኑ ጋራ እንደገና አነሳው። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፉ ከድሮው በዝቶ ነው የተገኘው፤ አብዛኛውም ገበሬው በእጁ የተከለው ባህር ዛፍ ነው።

ከከተማ ወጣ ብዬ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። «አባባ፣ ይሄ ዳገት በልጅነትዎ እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«ምን ነበረው ብለህ ነው ልጄ፣ ራቁቱን ነበር እንጂ! እናቴ ስታነድ የኖረችው ኩበት ነው። ይሄን ባህር ዛፍ አባቴ ጀመሩት፣ እኔ አበዛሁት። ቤቴን ቆርቆሮ ያለበስኩት በሱ ነው።»

እርግጥ ባህር ዛፍ ደን አይባልም። ጥድና ወይራ የሚሰጡትን ጥላ፣ ሣርና ወፍ አይሰጥም። ቢሆንም ኩበቱ ከምድጃ ተርፎ ወደ ማሳ እንዲመለስ ካደረገ፣ ለመሬቱ ትልቅ ነገር ነው።

ጥቅምት 18

የሐይቃችን ጭቃ የሚናገረው ደግሞ ከፎቶ ይርቃል። ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብ እና መሐመድ ዑመር ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ወለል ጭቃ አውጥተው፣ በየንብርብሩ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ በአጉሊ መነጽር ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናታቸው የ3,000 ዓመት ታሪክ ይዟል። የዝግባና የጥድ ደኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ተመነጠረ። ከዚያ ለ1,800 ዓመት ያህል አካባቢው የክትክታ ቁጥቋጦና ሣር ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥድና ወይራ ተመልሰው መጡ፤ ባለፉት 300 ዓመታት ደግሞ እንደገና ተጨፈጨፉ።

ደን እዚህ አገር ተመልሶ ያውቃል ማለት ነው! ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ድምፄ ከፍ እንደሚል አውቃለሁ።

ኅዳር 1

ገበሬውን ያለ ማስረጃ መወንጀል በጊኒ፣ በኪሲዱጉ አካባቢም ታይቷል። በየመንደሩ ዙሪያ ያለውን ጥቅጥቅ ደን የፈረንሳይ ቅኝ ገዢዎች ከጠፋ ትልቅ ደን የተረፈ ቁራጭ ነው ብለው ነዋሪውን ሲወነጅሉ ኖሩ። ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፌርሄድና ሜሊሳ ሊች የሽማግሌዎችን ቃልና እ.ኤ.አ. በ1952 የተነሱ የአየር ፎቶዎችን አስተያይተው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ደኑን ያበቀሉት ራሳቸው የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን ጭፍጨፋ የለም ለማለት አይጠቀስ። በደቡብ ምዕራብ፣ በካፋና በሸካ፣ ደኑ በዘመናችን እየተመነጠረ ነው። ለዚያ መቆርቆር የሚገባው ሰው ግን ለሰሜኑም ለደቡቡም አንድ ቁጥር እየደገመ ሊረዳው አይችልም፤ የየቦታው ታሪክ የየራሱ ነው።

መምህራን ሆይ፣ 40 በመቶውን ከማስጻፋችሁ በፊት ተማሪው አያቱን ጠይቆ ይምጣ። በቤታችሁ የቆየ ፎቶ ያላችሁም አትጣሉት፤ ከሰዎቹ ኋላ ጋራው ይታያልና ጀርባው ላይ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉበት።