ፌስ፣ መዶሻ ዝም የማይልባት ከተማ

ሞሮኮን የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማራካሽ ላይ ይቀራል። እኔ ፌስን መረጥሁ፤ ከፌስም ፌስ ኤል ባሊ የሚሉትን በግንብ የታጠረ አሮጌ ሰፈር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጠባብ መንገዶቹ መኪና አያስገቡም፤ የጋዝ ሲሊንደሩንም፣ ሲሚንቶውንም፣ ጥሬ ቆዳውንም የሚያመላልሱት በቅሎና አህያ ናቸው።

ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ባብ ቡጅሉድ፣ ከውጭ ሰማያዊ ከውስጥ አረንጓዴ ሸክላ የለበሰው በር፣ የጥንት ይመስላል እንጂ ፈረንሳዮች ከገቡ በኋላ በ1913 የተሠራ ነው። እውነተኛው ዕድሜ ያለው ከበሩ ወዲያ ነው። ታላዓ ከቢራ የተባለው መንገድ ቁልቁል ይወርዳል፤ «ባላክ! ባላክ!» የሚል ጩኸት ከኋላ ሲሰማ ሁሉም ግድግዳ ይታከካል፣ ጭነት ያጎበጠው በቅሎ ያልፋል፣ ገበያው መልሶ ይገጥማል።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ቀራውዪን መስጊድ አለ። ፋጢማ አል ፊህሪያ የተባለች ሴት በ859 እንዳሠራችው ይነገራል። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ስለማይገባ እኔም እንደ ብዙዎቹ ደጃፉ ላይ ቆሜ ግቢውንና ፏፏቴውን አይቼ ተመለስሁ። በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ቡ ኢናኒያ መድረሳ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ የዝግባ እንጨት ቅርጻ ቅርጹን ሳያዩ ማለፍ ነውር ይመስለኛል።

ከመስጊዱ አጠገብ ያለው የሰፋሪን አደባባይ ጆሮ ያደነቁራል። መዳብ ቀጥቃጮች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለሠርግ የሚሆን ትልልቅ ጎላ ያወጣሉ። እዚያ ገበያና ጉልት አይደለም የሚታየው፤ ዕቃው እየተሠራ ነው የሚሸጠው። ፌስን ከሌላ የቱሪስት ከተማ የሚለያትም ይኸው ነው።

ሹዋራ የሚባለው የቆዳ ማልፊያ ዘንድ ሽታው ቀድሞ ይቀበላል። የቆዳ ነጋዴዎች ናና ያስይዙና ወደ ሰገነታቸው ያወጣሉ፤ «ማየት በነጻ ነው» ይላሉ፣ ሲወርዱ ግን የሚጠብቀው ጃኬትና ጫማ ነው። ከላይ ሲታይ ከድንጋይ የተሠሩ ጉድጓዶች እንደ ማር እንጀራ ተደርድረዋል። ካሜራው ሁሉ ቢጫና ቀይ ቀለም ወደያዙት ይዞራል። ከባዱ ሥራ ግን ነጮቹ ጉድጓዶች ውስጥ ነው፦ ጥሬው ቆዳ ጠጉሩ እንዲለቅ በኖራ፣ ከዚያም እንዲለሰልስ በርግብ ኩስ ይነከራል። ሰዎቹ እስከ ጭናቸው ገብተው በእግራቸው ይረግጡታል። ቀለሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አፍንጫቸውን ይዘው የሚሳሳቁትን ጎብኚዎች ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰገነቱ ላይ መቆሜ ራሱ አልተመቸኝም። ሥራውን ከቅርብ ያየ ሰው በኪስ ቦርሳ ዋጋ ላይ ለመከራከር አንደበቱ ይከብደዋል።

ለምትሄዱ አንድ ምክር፦ ዓርብ ቀን አትሂዱ፣ ብዙው ሱቅ ዝግ ነው። «ይህ መንገድ ተዘግቷል፣ ላሳያችሁ» የሚላችሁን ወጣት አትከተሉ፤ መንገዱ አልተዘጋም። ከጠፋችሁ ቁልቁል ውረዱ፤ ቁልቁለቱ ወደ ወንዙና ወደ ቀራውዪን ያደርሳችኋል።