ስለ ነጠላ ጎማዋ የተናገርኩትን ላርም

ዛሬ የምጽፈው ስለ መታወቂያ እድሳት አይደለም፤ ስለ ሪሴትልመንትም አይደለም። ስለ አንዲት ጎማ ነው። ቀልድ የሚመስላችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ አንድ የማውቀውን ልጅ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሁሉ ሊያስበላው ነበር፤ ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነው።

ታስታውሱ እንደሆነ ባለፈው ጥር አንድ ቪዲዮ ለጥፌ ነበር። ባለ አንድ ጎማ ኤሌክትሪክ ላይ ቆሜ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ከኢስሊ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ የሚያሳይ። ከለጠፍኳቸው ነገሮች ሁሉ ብዙ ሰው ያየው እሱን ነው። ስለ ስደተኛ ልጆች የፈተና ምዝገባ ስንት ጊዜ ስጽፍ የማያነበኝ ዘመድ ሁሉ ያቺን ቪዲዮ አይቶ ደወለልኝ። እናቴ ብቻ "ሰርከስ ገባህ እንዴ ልጄ?" አለችኝ። መጨረሻው ላይ ካሜራውን ወደ ጎማዋ አዙሬ፣ "ዝናብ ቢመጣ እንኳ ችግር የለም፤ ውኃ አታስገባም" ብያለሁ። ዛሬ የማርመው ያንን ዓረፍተ ነገር ነው።

ጎማዋ እንዴት እጄ እንደገባች ለማታውቁ ላስረዳ። ማታ ማታ የአንድ የውጭ አገር ሰው ልጅ ሒሳብ አስጠና ነበር። ቤተሰቡ ሥራቸውን ጨርሰው ከናይሮቢ ሲሄዱ፣ አውሮፕላን አይቀበላትም ብለው ለእኔ ተዉልኝ። እውነታቸውን ነው። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ ይዞ መሳፈር አይፈቀድም፤ የእሷ 480 ነው። ክብደቷ 14 ኪሎ፣ ጎማዋ 16 ኢንች። መሪ የላት፣ ፍሬን የላት። ወደ ፊት ዘንበል ስትሉ ትሄዳለች፣ ወደ ኋላ ስትሉ ትቆማለች። ለመልመድ ሁለት ሳምንትና አንድ የተቀደደ ሱሪ ወስዶብኛል።

ከዚያ በኋላ ግን በደንብ አገለገለችኝ። ዝናብ ሲጥል የማታቱ ዋጋ እጥፍ እንደሚሆን እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ማታ እሰካለሁ፣ ጠዋት እነሣለሁ። አምስት ስድስት ጊዜ ዝናብ መትቶናል፤ ምንም አልሆነችም። መጋቢት ላይ ሚስማር ገባባትና ተነፈሰች፤ ከአንድ የእኛ ልጅ ጋር ሆነን ፈትተን፣ የውስጥ ጎማዋን ለጥፈን መልሰን ገጠምናት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሚያዝያ ውስጥ ነው የወደቅሁት። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቷል። ጁጃ ሮድ ላይ፣ ፓንጋኒ ሳልደርስ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድኩ ነበር። ውኃ ያቆረ ቦታ ቀስ ብዬ አለፍኩ፤ ደህና ነች። ከዚያ ምናልባት 200 ሜትር ከሄድኩ በኋላ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ከእግሬ ሥር ጠፋች። ድምፅ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቀስ በቀስ መዳከም የለም። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ማታቱ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይህንን አልጽፍም ነበር። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ጄሶ ውስጥ ነበርኩ። ጠመኔ መያዝ ስላልቻልኩ የፎርም ስሪ ተማሪዎቼ እየተፈራረቁ ሰሌዳ ላይ ጻፉልኝ፤ አንዷማ ከእኔ የተሻለ የእጅ ጽሑፍ አላት። ማስጠናቱ ቀረ። ለሕክምናው የዕቁባችን ሰዎች ተራዬን አስቀድመው ሰጡኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሳጥኗ ላይ አይፒ55 የሚል ተጽፎ ነበር። እኔም የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ፣ ከዚያ አልፌ አልጠየቅሁም። ጄሶ ታስሬ ቤት ስውል ነው ቁጥሩን የፈተሽኩት። የመጀመሪያው ቁጥር የአቧራ ነው፣ ከ0 እስከ 6 ይሄዳል። ሁለተኛው የውኃ ነው። 4 ከሆነ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃ ይችላል ማለት ነው። 5 ከሆነ ከቱቦ የሚወርድ ውኃ ይችላል፤ በደቂቃ 12.5 ሊትር፣ ከሦስት ሜትር ገደማ ርቀት፣ ቢያንስ ለሦስት ደቂቃ። 7 ከሆነ አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ተነክሮ መውጣት ይችላል። ፈተናው ግን በንጹሕ ውኃ ነው፤ ዕቃው አዲስ ነው፤ ተቀምጦ ነው። ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዘለለ፣ የናይሮቢን የቦይ ጭቃ እየጠጣ፣ ሚስማር ወግቶት ተፈትቶ የተገጠመ ዕቃ ላይ አይደለም። ደግሞ የእኔዋ መመሪያ የመጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቃ ፊደል ምን ይላል መሰላችሁ? "በውኃ የሚደርስ ጉዳት በዋስትና አይሸፈንም።" ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ሰውየው ራሱ አላመነበትም ማለት ነው።

እጄ ሲድን ያንኑ ልጅ ጠርቼ ከፈትናት። ሁለቱ የፕላስቲክ ቀፎዎች በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ መካኒኮቻችን ጓርኒሲዮን የሚሉት የጎማ ማሸጊያ አለ። በአንድ በኩል ጣት በሚያህል ርዝመት ታጥፎ ተጨፍልቋል። በመጋቢት ስንገጥማት ያጠፍነው እኛው ነን፤ ካቻቪቴውን የያዝኩት ደግሞ እኔ። በዚያ ቀዳዳ ልክ ከታች ሞተሩን የሚያዝዘው ቦርድ አለ። ሶኬቶቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል፤ አንዱ ትራንዚስተር ፈንድቶ ጠቁሯል። ዝገቱ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ውኃው ሳምንታት ቀድሞ ገብቶ ቁጭ ብሎ ነበር። "አምስት ጊዜ ዘንቦባት ምንም አልሆነችም" ያልኳችሁ ማስረጃ አልነበረም፤ በእያንዳንዱ ዝናብ ትንሽ ትንሽ እየሞተች ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አለች፣ ለተማሪዎቼም ሰጥቻቸዋለሁ። ሽቅብ ስትወጡ ሞተሩና ቦርዱ ይሞቃሉ፤ በቀፎው ውስጥ ያለው አየር 50 ዲግሪ ደርሷል እንበል። ድንገት ቀዝቃዛ ዝናብ ወርዶ ወደ 20 ዲግሪ ያወርደዋል። ቀፎው ታሽጎ ከሆነ የውስጡ ግፊት በ9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 83 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ልዩነቱን ስታሰሉት 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ውኃ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር እኩል ይወጣል። ዝናቡ ከላይ እየወረደ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ራሱ እየማገው ነው ማለት ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ። ለዚህ ተብሎ አየር የሚያሳልፍ፣ ውኃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን የሚገጠምላቸው ዕቃዎች አሉ። የእኔዋ አልነበራትም።

የውኃው መግቢያ ደግሞ ብዙ ነው። ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ ክዳን አለ፤ የአብዛኞቹ ክዳን ላልቷል ወይም ጠፍቷል። የሞተሩ ገመድ በመሐል ዘንጉ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ በእሱ በኩል ገብቶ ሞተሩ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ሴንሰሮች ካበላሸ፣ ቦርዱ ጎማው የት እንዳለ ማወቅ ያቅተዋል። ኩሽኔታው ከዛገ ይጮኻል፤ እሱ እንኳ ቢያንስ ያስጠነቅቃል።

እሺ፣ ስልክም ውኃ ሲገባው ይሞታል፤ ታዲያ ምን ልዩ ነገር አለው ትሉኝ ይሆናል። እኔን ያስጨነቀኝ እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ቦዳ ቦዳ ውኃ ገብቶበት ሞተሩ ቢጠፋ፣ እየተንከባለለ ዳር ይይዛል፤ ሹፌሩ ይሳደባል፣ ይገፋል፣ ቤቱ ይገባል። ብስክሌትም እንደዚያው። ነጠላ ጎማ ላይ ግን ቆማችሁ የምትሄዱት ሞተሩ በየቅጽበቱ ወደ ሥራችሁ እየሮጠ ስለሚደግፋችሁ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የሚቆመው ጉዞው አይደለም፤ የሚጠፋው ድጋፉ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ነው። እግር ለመዘርጋት ጊዜ የለም። ለዚህ ነው ውኃ ለእሷ የጥገና ጉዳይ ብቻ ያልሆነው።

ጎማዋ በተነፈሰች ቁጥር ቀፎዋ መፈታት አለበት፤ በተፈታ ቁጥር ማሸጊያው አዲስ መሆን አለበት። አዲሱ ማሸጊያ ደግሞ ኢስሊ ውስጥ የለም። መንገዳችን ሚስማርና ጠርሙስ መሆኑን ማንም ጎሚስታ ይነግራችኋል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር እኛ ጋ የሚያገለግለው እስከ መጀመሪያው ሚስማር ድረስ ነው።

አሁን ስለ ልጁ። ከሁለት ዓመት በፊት ፎርም ፎር የጨረሰ ተማሪዬ ነው፤ ስሙን አልጠራም። በእግሩ ምግብ እያደረሰ ይኖራል። የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ወረቀቱ አልሟላለትም። ቪዲዮዬን አይቶ፣ "ታርጋ የማትጠይቅ፣ ነዳጅ የማትጠይቅ፣ ውኃ የማታስገባ" ብሎ፣ ያገለገለች አንዲት አገኘ። 45,000 ሽልንግ። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው እህቱ የላከችለትን ጨምሮ 10,000 ቀብድ ከፍሎ ነበር። ይህንን የነገሩኝ እናቱ ናቸው። ደውለው "መምህር፣ ልጄ እንደ እርስዎ ሊሆን ነው" አሉኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልገባኝም።

ልጁን ጠርቼ እጄን አሳየሁት። አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ "ቲቸር፣ ውኃ አታስገባም ያሉት እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ?" አለኝ። ምን እላለሁ?

አብረን ወደ ሻጩ ሄድን። ከዚህ በፊት ተፈታ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ "በፍጹም" አለ። የብሎኖቹ አናት በካቻቪቴ የተበላ ነው። የቻርጀሩን ክዳን ሳነሣ ቀዳዳው ውስጥ ያው አረንጓዴ ነገር አለ። ጎማዋን አንሥቼ በእጄ ሳሽከረክራት ኩሽኔታዋ አሸዋ እንደሚፈጭ ድምፅ አላት። ልክፈታት ስለው እምቢ አለ። ከብዙ ክርክር በኋላ ከ10,000ው 6,000 መለሰልን።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ "እዚህ በርካሽ የሚሸጥ አለ፣ ለልጆቹ በኮንቴይነር እንላክ?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ሦስት ናችሁ። አትላኩ። ቦርዷ ሲቃጠል መለወጫ የለም፤ ዋስትናዋ እናንተ ጋ ይቀራል፤ የሚሰበረው እጅ እዚህ ነው። ለመርዳት ከፈለጋችሁ ለጥሩ ብስክሌት የሚሆን ላኩ። አዲስ አበባ ያላችሁም፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ እንደበዛ አያለሁ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከእኛው የሚብስ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ካኩማ ሆነህ የጠየቅኸኝ ወንድሜ ደግሞ፣ አንተ ጋ ችግሩ የመጀመሪያው ቁጥር ነው። 5 ማለት አቧራ ትንሽ ይገባል ማለት ነው፤ የካኩማን አቧራ ደግሞ እኔም ለሁለት ዓመት በልቼዋለሁ። ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል፤ ላጋው አሸዋ ላይ ደግሞ አንድ ሜትርም አትሄድልህም።

ያላችሁ ሰዎች ጣሉ አልልም። በጋ ላይ፣ አጭር መንገድ፣ ቀስ ብሎ፣ የራስ ቁርና የእጅ አንጓ መከላከያ አድርጎ መሄድ ይቻላል። ዝናብ ከመታት ግን በዚያ ቀን አትስኳት። ሩዝ ውስጥ ቅበሯት የሚል ምክር ሰምቻለሁ፤ ለ14 ኪሎ ዕቃ አንድ ኩንታል ሩዝ ካላችሁ ብሉት እንጂ። የገባው ውኃ የሚወጣው ቀፎዋ ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ በነፋስ ሲደርቅ ነው፤ ሶኬቶቹ መታየት አለባቸው። ከሁሉም በላይ ይህችን አደራ እላለሁ፦ ሌሊት ተኝታችሁ አትስኩ፤ በር አጠገብም አትስኩ። የብዙዎቻችን ቤት አንድ ክፍል ነው፤ በሩም አንድ ነው። ውኃ የነካው ሊቲየም ባትሪ እሳት ሲያነሣ በውኃ ባልዲ የሚጠፋ አይደለም፤ መውጫውም በእሱ በኩል መሆን የለበትም። እኔ ሦስት ወር ሙሉ በር ሥር ሰክቼ ተኝቻለሁ። ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

ቪዲዮውን አላጠፋሁትም፤ ከላዩ ላይ የዚህን ጽሑፍ ማስፈንጠሪያ አድርጌበታለሁ። የእኔዋ ጎማ ባትሪዋ ወጥቶ ትምህርት ቤታችን መደርደሪያ ላይ ነች። የሞተርን ትምህርት ስንጀምር ተማሪዎቼ ይፈቷታል። ልጁ ከኋላ ሣጥን የተገጠመላት ያገለገለች ብስክሌት ገዝቷል። ከቀብዱ የቀረችውን 4,000 ሽልንግ እኔ ልከፍለው ተስማምተናል። እሱ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ እናቱ ግን ይቀበላል አሉ። 2,000 ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቀሪውን ነሐሴ ላይ።