አምባ አላጌ መንገድ፣ ቦልዛኖ

ከቬሮና የተነሣው ባቡር የአዲጄን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ ሸለቆው ግን ከዳር እስከ ዳር ወይንና ፖም ለብሷል። ትሬንቶን ካለፍን በኋላ ድምፅ ማጉያው እያንዳንዱን ጣቢያ ሁለት ጊዜ መጥራት ጀመረ፤ አንዴ በጣሊያንኛ፣ አንዴ በጀርመንኛ። ወንዙም ሁለተኛ ስም አወጣ፤ ለጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ «ኤች» ነው። የወረድኩባት ከተማ ለአንዱ ቦልዛኖ፣ ለሌላው ቦፀን ናት። አገሩ ጣሊያን ነው፤ ሆኖም በዚህ በደቡብ ቲሮል እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ ከ100 ነዋሪ 69ኙ ጀርመንኛ፣ 26ቱ ጣሊያንኛ ተናጋሪ ነኝ ብሎ ተመዝግቧል። የቀሩት በዶሎሚቲ ተራሮች መካከል የሚነገረው የጥንታዊው ላዲንኛ ልጆች ናቸው።

የመጣሁት ጥያቄ ይዤ ነው። ሳይወድ በሌላ መንግሥት ሥር የወደቀ ሕዝብ፣ ድንበር ሳይፈርስ፣ ከዚያ መንግሥት ጋር እንዴት መኖር ቻለ? ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ከአሮጌው ከተማ ተነሥቼ የታልፈርን ወንዝ ድልድይ ስሻገር ነጭ የእብነ በረድ ቅስት ፊት ለፊቴ ቆመ፤ ሙሶሊኒ በ1928 ያቆመው የድል ሐውልት ነው (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ግንባሩ ላይ በላቲን የተቀረጸው ጽሑፍ፣ ከዚህ ተነሥተን ለሌሎቹ ቋንቋን፣ ሕግንና ጥበብን አስተማርናቸው ይላል። «ሌሎቹ» የተባሉት የዚያው አገር ባለቤቶች ናቸው። ቃሉ ለጆሮዬ እንግዳ አልነበረም። ሥልጣኔ ላምጣላችሁ ብሎ ወደ እኛም የዘመተው ይኸው መንግሥት ነው።

ቲሮል ከብሬነር መተላለፊያ በታች ያለው ክፍሉ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦስትሪያ ተቆርጦ ለጣሊያን ተሰጠ። በ1923 ኤቶሬ ቶሎሜይ የተባለ ሰው 32 ነጥብ ያለው አገሩን ጣሊያናዊ የማድረጊያ እቅድ በዚህችው ከተማ ይፋ አደረገ። የጀርመንኛ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ቲሮል የሚለው ስም ራሱ ተከለከለ፤ መንደሩ፣ ጅረቱ፣ ተራራው ሁሉ የጣሊያን ስም ወጣለት። ሕፃናት ፊደላቸውን የሚቆጥሩት በየገበሬው ቤት ተደብቀው ሆነ። በ1939 ደግሞ ሙሶሊኒና ሂትለር ተስማምተው ለሕዝቡ ምርጫ አቀረቡለት፦ ወይ አገርህን ትተህ ወደ ጀርመን ሂድ፣ ወይ ቋንቋህን ትተህ ተቀመጥ። አብዛኛው መሄድን መረጠ፤ ወደ 75,000 የሚሆኑትም ሄዱ።

ያደርኩት ከከተማው በላይ፣ በኬብል መኪና በሚወጣበት የሪተን ደጋ፣ ከአንዲት አሮጊት ገበሬ ቤት ነበር። ከኢትዮጵያ እንደመጣሁ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና ከመሳቢያ ፎቶግራፍ አወጡ። ባርኔጣው ላይ ላባ የሰካ ወጣት ወታደር። «አጎቴ ነው። አፍሪካ ወስደውት ነበር» አሉኝ። የክፍለ ጦሩን ስም ጠየቅኋቸው። «ፑስቴሪያ።»

ፑስቴሪያ የተራራ ተዋጊዎች ክፍለ ጦር ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጋር ከገጠሙት አንዱ እርሱ ነበር። የማይጨው ዘማቾችን እያየሁ ነው ያደግሁት፤ የመርዙን ጢስ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። በዚያ ጦርነት ከ1,000 በላይ የደቡብ ቲሮል ልጆች ዘምተዋል፤ ላለመዝመት ድንበር ተሻግረው የጠፉም ነበሩ። እናት ቋንቋቸውን በአገራቸው የተከለከሉ ወጣቶች፣ ሌላ ሕዝብ አገሩን እንዲነጠቅ ጠመንጃ ተሸከሙ። ሴትዮዋ ፎቶውን በመዳፋቸው ሸፍነው ቆዩና፣ «በቤታችን የተበደልነው እኛ ብቻ ነን ይባል ነበር» አሉኝ።

በማግስቱ ሲግሙንድስክሮን ወደሚባለው ግንብ ወጣሁ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ የጣሊያንና የኦስትሪያ ሚኒስትሮች ደ ጋስፔሪና ግሩበር ፓሪስ ላይ ለዚህ ሕዝብ ራስን ማስተዳደርን የሚሰጥ ውል ፈርመው ነበር። ግን በ1948 ጣሊያንኛ ተናጋሪው ከሚበዛበት ከትሬንቶ ጋር በአንድ ክልል ስለታጠረ መብቱ ወረቀት ላይ ቀረ። ኅዳር 1957 ወደ 35,000 ሰው እዚህ ግንብ ላይ ተሰበሰበ። በጦርነት አንድ እግሩን ያጣው ሲልቪዩስ ማኛጎ ከትሬንቶ እንለቀቅ ብሎ ጠየቀ፤ የተቆጣውን ሕዝብ ግን በሰላም ወደ ቤቱ መለሰ። ሁሉም አልሰከነም። ሰኔ 1961 በአንዲት ሌሊት በርካታ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች በፈንጂ ወደቁ፤ በዚያ ዘመን ሰውም ሞቷል። ኦስትሪያ ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት አቀረበች፣ ድርድሩ ዓመታት ፈጀ፣ በ1972 አዲሱ የራስ ገዝ ደንብ ጸና። ኦስትሪያ ክርክሩ አብቅቷል ያለችው በ1992 ነው።

ዛሬ ከሚሰበሰበው ግብር አብዛኛው፣ ከአሥር ዘጠኙ እጅ ገደማ፣ እዚያው ይቀራል። የመንግሥት ሥራ እንደ ቋንቋው ተናጋሪ ብዛት ይመደባል፤ ሠራተኛው ሁለቱንም ቋንቋ በፈተና ማስመስከር አለበት። ፍቅር ያመጣው አይደለም፤ እያንዳንዱ ድርሻ ተለክቶ፣ ተቆጥሮ፣ በሕግ ታስሮ የመጣ ሰላም ነው። እኔ ይህን አልንቅም። ፍቅር እስኪመጣ የሚያቆይ ልክ ያለው ሰላም የስንቱን ልጅ ነፍስ ባተረፈ።

ዋጋ አለው ግን። ልጆች በቋንቋ ተለይተው በየትምህርት ቤታቸው ያድጋሉ። የዚሁ አገር ተወላጅ የሆነው ፖለቲከኛ አሌክሳንደር ላንገር የቋንቋ ወገንህን አስመዝግብ ሲባል እንቢ አለ፤ ሰው በሁለቱም በኩል መቆም መቻል አለበት ብሎ ያምን ነበርና። በ1995 ለቦልዛኖ ከንቲባነት እንዳይወዳደር የተከለከለው በዚሁ ነው። አባቱ ከአንዱ፣ እናቱ ከሌላው ለተወለደ ልጅ መዝገቡ ምን ይለዋል? ይህን ጥያቄ ቀድሞ ያልጠየቀ ራስ ገዝነት አጥሩን ለልጅ ልጆቹ ያወርሳል።

ማታ ወደ ከተማው ስመለስ የሙሶሊኒን በፈረስ ላይ የተቀረጸ ግዙፍ ምስል አየሁ። አላፈረሱትም። ከ2017 ጀምሮ ግን ከፈላስፋዋ ከሐና አረንት የተወሰደ፣ መታዘዝ ለማንም መብት እንዳልሆነ የሚናገር ቃል በሦስቱ ቋንቋዎች በብርሃን ያበራበታል። የድል ሐውልቱም ሥር እውነተኛ ታሪኩን የሚናገር ኤግዚቢሽን ከ2014 ጀምሮ አለ። ስለ መታዘዝ የሚናገረውን ቃል ሳስብ ያ በፎቶግራፍ ያየሁት ባለ ላባ ወጣት ትዝ አለኝ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ስሄድ ስሄድ አንድ የመንገድ ስም አቆመኝ፦ አምባ አላጌ። በጣሊያንኛም በጀርመንኛም ተጽፏል። በ1888 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር የጣሊያናዊውን የቶሴሊን ሠራዊት ድል ያደረገበት ተራራችን። በዚሁ መንገድ ላይ የጀርመንኛ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው ቢሮ ይገኛል። አንድ ጊዜ በየጎጆው የተደበቀው ቋንቋ ዛሬ በር ከፍቶ፣ ባንዲራ ሰቅሎ የሚሠራው በእኛ ተራራ ስም በተጠራ መንገድ ነው።

ስሙ ይነሣ አልልም። ከዚህ ቢሮ በሚመራ ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጥር ልጅ፣ የአያቶቹን ስም የፋቁት እጆች ያንኑ ተራራ ለመያዝ አያቶቹን ይዘው እንደዘመቱ ይወቅ እላለሁ። ያን ያወቀ ልጅ መብቱን ሲጠይቅ፣ ጎረቤቱንም፣ ሩቅ ያለውንም ሰው አይረሳም።