ሰባት ኪሎ ሜትር በእንፋሎት

ከስትራስበርግ እስከ ፓራዳይዝ ያለው የባቡር መንገድ 7 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ባቡሩ ደርሶ ለመመለስ 45 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በመኪና ከሆነማ ሁለት ዘፈን ሳያልቅ ይደረሳል። ይህ በፔንሲልቬንያ ላንካስተር ካውንቲ እርሻ መሐል የተዘረጋ አጭር ሐዲድ ግን የሥራ ፈቃዱን ያገኘው በ1832 ነው። ምኒልክ ገና አልተወለዱም ነበር። በሰሜንም ሆነ በደቡብ አሜሪካ፣ በመጀመሪያ ፈቃዱ ሳያቋርጥ እየሠራ እዚህ የደረሰ ከሱ የሚቀድም የባቡር ድርጅት የለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቅዳሜ ማለዳ ዋሽንግተን አጠገብ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳነው እኔ፣ ትንሿ ልጄና አማቴ ነን። አማቴ ድሬዳዋ ተወልደው፣ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ቶርኖ ላይ ቆመው ያረጁ ሰው ናቸው። ዋሽንግተን ያሳየናቸው ሐውልትና ሙዚየም አንዱም አልገረማቸውም። “የሚሠራ ነገር የላችሁም እንዴ?” ይሉ ነበር። ሚስቴ “እንግዲያው ባቡር አሳያቸው” አለችና ይኸው ሱስኮሃና ወንዝን ተሻግረን መጣን። መንገዱን ሙሉ “አንቱ” ስላቸው እየተቆጡኝ ነው የሄድነው፤ የድሬ ሰው ትልቅ ትንሹን “አንተ” ሲል ስለሚኖር አንቱታ ያሳክከዋል።

ጣቢያው ስንደርስ ቁጥር 90 ጭሱን እያትጎለጎለ ቆሟል። ፊላደልፊያ በነበረው የባልድዊን ፋብሪካ በ1924 ተሠርቶ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ስኳር የሚወጣበትን የቀይ ሥር ዓይነት ተክል ሲጎትት የኖረ ሎኮሞቲቭ ነው። በ1967 ወደዚህ ተሸጠ። የሚነዱት ጎማዎች አሥር ናቸው፣ በያንዳንዱ ጎን አምስት አምስት፤ በረጅም የብረት ክንድ ተያይዘዋል። ልጄ የካርቱኑን ሰማያዊ ባቡር ቶማስን አጣችና አኮረፈች። አማቴ ግን ከራስጌ እስከ ግርጌ ቀስ ብለው ዞሩትና ቡሎኖቹ ላይ የተቀባውን ዘይት በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። ደንብ አስከባሪዋ እንዳይጠጉ ስትነግራቸው በአማርኛ “አውቃለሁ፣ አውቃለሁ” አሏት። እሷም የገባት ይመስል ፈገግ ብላ ተወቻቸው።

የተሳፈርንበት ፉርጎ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ወንበሩ ከፈይ የለበሰ፣ መስኮቱ በእጅ የሚነሳ። አማቴ መስኮቱን እስከ ጥጉ ከፍተው አንገታቸውን አወጡ። ፉጨቱ ሲነፋ ልጄ ጆሮዋን ያዘች፤ እኔ ደግሞ ሽማግሌው የሚያዩትን ትቼ እሳቸውን ማየት ጀመርኩ።

“ቁጠር” አሉኝ። “ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ስንት ጊዜ ነው የሚተነፍሰው?”

አራት ነው። ሁለት ሲሊንደር አለ፤ በያንዳንዱ ውስጥ እንፋሎቱ ፒስቶኑን አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ይገፋዋል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሲወጣ ያ ሁላችንም በልጅነታችን በአፋችን የምናስመስለው ድምፅ ይሰማል። አማቴ ቀጠሉ፤ ያ የሚወጣው እንፋሎት ዝም ብሎ ቆሻሻ አይደለም። ሲወጣ ጭሱን አብሮ ጠርጎ ይስባል፣ ጭሱ ሲሳብ ምድጃው አየር ያገኛል፣ እሳቱ ይነድዳል። ባቡሩ በደከመ ቁጥር አጥብቆ ይተነፍሳል፣ አጥብቆ በተነፈሰ ቁጥር እሳቱ ይበረታል። ማንም ሳያዘው ራሱን የሚያሟሙቅ መሣሪያ ነው። ይህን ብዙ መጽሐፍ ላይ አንብቤ አላስተዋልኩትም ነበር፤ በፉርጎ መስኮት ከሰል እየወረደብን ሲነገረኝ ገባኝ።

ሜዳው ሰፊ ነው። በቆሎ፣ ትምባሆ፣ የወተት ላሞች፣ ነጭ ጎተራ። ይህ የአሚሾች አገር ነው። ከኤሌክትሪክ መስመር የማይቀጥሉ፣ መኪና የማይነዱ፣ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ ክርስቲያኖች ናቸው። አንዱ ገበሬ በቅሎዎች ጠምዶ እያረሰ ነበር። ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን አነሳ፤ አሚሾች ፊታቸው ፎቶ ሲነሳ እንደማይወዱ ትኬት ስንቆርጥ ተነግሮን ነበር፣ ማን ይሰማል። ገበሬው ቀና ብሎም አላየንም። እኔም ብሆን አላነሳሁም፣ ከጨዋነት ብቻ ግን አይደለም፤ በከብት ማረስ ለምን ጉድ ይሆንብኛል? አያቴ አገር ዛሬም የሚታረሰው እንዲያ ነው። አማቴም “ሞፈሩ ብረት ነው” ብቻ ብለው ወደ ሎኮሞቲቩ ዞሩ።

ፓራዳይዝ አጠገብ፣ ሌማን ፕሌስ የሚባለው ቦታ ላይ መንገዳችን ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የአምትራክ ዋና መስመር ነው፣ ከፊላደልፊያ ሃሪስበርግ የሚወስደው። ሎኮሞቲቩ ከፉርጎዎቹ ተፈትቶ በጎን ሐዲድ ያልፍና በወዲያኛው ጫፍ ይጋጠማል፤ ራሱ ስለማይዞር ከሁለቱ ጉዞ አንዱን የኋሊት መሄዱ ግድ ነው። ይህ ሲሆን የኤሌክትሪኩ ባቡር እንደ ጥይት አለፈ። በዚያ መስመር በሰዓት እስከ 110 ማይል ይሮጣሉ። ልጄ ያጨበጨበችው ለሱ ነው።

አማቴ አልቀኑም፣ አልተናደዱምም። ከ2016 ወዲህ ድሬዳዋም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አላት፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጥቷል። እሳቸው ያደጉበት የቆየው መስመር ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬ ሲደርስ፣ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ከባድ ሆኖ ሜዳው ላይ በመቅረቱ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የእንፋሎቱን ባቡር በልጅነታቸው አይተውታል፣ የጠገኑት ግን በናፍጣ የሚሄደውን ነው። “እንፋሎቱን የሚያውቁት አባቶች ነበሩ” አሉኝ። “እኛ ስንገባ ጡረታ ወጡ። ማንም አልጠየቃቸውም።”

ስንመለስ ወደ ጥገና ክፍሉ የሚያስገባ ትኬት ቆረጥን፤ ለኔ ቀኑ የጀመረው እዚያ ነው። እዚህ ያሉት ሠራተኞች የራሳቸውን ብቻ አይደለም የሚጠግኑት፤ ከሌሎች ግዛቶች ሁሉ ሙዚየሞችና ድርጅቶች የእንፋሎት ሎኮሞቲቫቸውን እየጫኑ ይልኩላቸዋል። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ስለሌለ የጎደለውን ከጥሬ ብረት ይሠሩታል። ሕጉም ጥብቅ ነው፤ አንድ ሎኮሞቲቭ 1,472 ቀን ከሠራ ወይም 15 ዓመት ከሞላው፣ ከሁለቱ የቀደመው ሲደርስ፣ ቦይለሩ ተፈታትቶ የብረቱ ውፍረት በየቦታው ይለካል። ፊት ለፊት ባለው የክፍለ ሀገሩ የባቡር ሙዚየም ውስጥ ቁጥር 1223 አለ፤ እስከ 1989 በዚሁ ሐዲድ ላይ ይሄድ ነበር፤ ምርመራው ብረቱ እንዳለቀ ሲያሳይ ቆመ። ውብ ሆኖ ተወልውሏል፣ ግን በሩቅ አይተን አለፍነው። አማቴ ቶርኖው ጋ ነበሩ።

አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሠራተኛ ኩሽኔታ እየላጠ ነው። በመካከላቸው ቋንቋ የለም፤ አስተርጓሚው እኔ፣ እኔ ደግሞ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የብረት ሥራ አላውቅም። ትንሽ ቆይተው ረሱኝ። አማቴ በጣታቸው ውፍረት እያሳዩ ይጠይቃሉ፣ ሰውዬው መለኪያውን አውጥቶ ይሰጣቸዋል። አጠገቡ አንድ ወጣት ቆሞ ያያል፤ ተማሪው መሆኑን ነገረኝ።

ይህ መንገድ እንዴት እንደተረፈ ያኔ ነው የገባኝ። በ1957 ማዕበል ሐዲዱን አበላሸው፣ ባለቤቶቹም ሊዘጉት ፈለጉ። በ1958 ባቡር የሚወዱ ጥቂት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በ18,000 ዶላር ገዙት፤ በማግስቱ ዓመት ጎብኚ መጫን ጀመሩ፣ እንፋሎቱም በ1960 መጣ። ዛሬም ከጎብኚው ሌላ የእውነት ጭነት ይጭናል። ገንዘቡ ይህን ያህል የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀኝ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ መጀመራቸው ነው። ድሬዳዋ አሮጌው ጣቢያና ጥገና ክፍሉ ዛሬም አሉ፤ ጎብኚ ይገባል፣ ፎቶ ያነሳል። አማቴን የመሰሉት ግን እየቀነሱ ነው፣ ብረቱ ደግሞ ያለነሱ ዕቃ ብቻ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር በቆሎ የሚሸጥ፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ አሚሽ አገኘንና ቆምን። ሁለት በቅሎዎች አጥሩ ጥግ ቆመዋል። አማቴ በቆሎውን ትተው “በቅሎ ስንት ነው በለው” አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ እየሳቅኩ ጠየቅኩት። ሰውዬው አልሳቀም። በቆሎውን ከረጢት ውስጥ እየጨመረ፣ ለማረሻ ነው ወይስ ለጋሪ ብሎ ጠየቀኝ። ለአማቴ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ “ለማረሻ በለው” አሉ።