የጦና ክንፍ

ለዘንድሮው ቡለቲን ጽሑፍ አምጡ ሲባል የክፍሌ ልጆች ስለ ወተት ላም፣ ስለ ዶሮና ስለ ንብ ሊጽፉ ተሽቀዳደሙ። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ዓሳ ነው። ያውም ስለማይበላ ዓሳ! ጅራቱ ተጨምሮ እንኳ ከመሃል ጣቴ አይበልጥም። ሦስት ዓመት ስለ እንስሳት የተማርኩ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ልገድለው ስለነበር ግን መጻፍ አለብኝ።

ዓሳው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። የአክስቴ ልጅ ቤቱ ጌጠኛ ዓሳ ያረባል። ለሴሚስተር እረፍት ወደ ቢጠና ስሄድ አንዱን ወንድ በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጎ «ለእህትህ ስጣት» አለኝ። ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አየር። ዝርያው ቤታ ይባላል፤ አገሩ ታይላንድ ሲሆን እዚያ በ2011 ዓ.ም. ብሔራዊ የውሃ እንስሳ ተብሎ ተሰይሟል። ቤታ እንደ ሌላው ዓሳ በስንጥቡ ከውሃ ይተነፍሳል፤ በተጨማሪ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ከአየር ኦክስጅን የሚወስድበት አካል አለው። ለዚህ ነው ብቅ እያለ አየር የሚጎርሰው። በዚህ ተፈጥሮው እስከ ሶዶ በአውቶቡስ፣ ከሶዶ ቢጠና በሚኒባስ ተንገላቶ በሕይወት ገባ።

እኛ ሰፈር ዓሳ ብርቅ አይደለም። ብላቴ ቅርባችን ነው፣ ወርዶ የሚገባውም አባያ ሐይቅ ነው። ዓሳ ማለት ግን ቆሮሶና አምባዛ፣ ቦታውም መጥበሻ ላይ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ሊያዩት መጥተው ትንሽ ዝም አሉና «ሌላው የት አለ? ይሄ ለቅምሻ ነው» አሉ። እህቴ (አምስተኛ ክፍል ናት) አኮረፈቻቸው።

መስታወት ስታሳየው ስንጥቡን ነፍቶ፣ ክንፉን ዘርግቶ ሲፎክር ስላየች ስሙን ጦና አለችው። እናቴ ደነገጠች። «የካዎን ስም ለዓሳ?» አለች። ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው፣ ቆስለው የተማረኩት የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ናቸው። እናቴ ታሪካቸውን ከአያቴ አፍ እየሰማች ነው ያደገችው። ስሙ ግን ጸና።

ክረምት ስመለስ ጦና ታሟል። ቤቱ ሱቅ ውስጥ ከረሜላ የሚቀመጥበት ባለ አራት ሊትር ፕላስቲክ ዕቃ ነው። እህቴ ባዶነቱ አሳዝኗት ከሳሎን የፕላስቲክ አበባ አንድ ዘለላ ቆርጣ ጨምራለታለች። ሽቦው የጅራቱን ክንፍ ከመሃል ቀዶታል። የተቀደደው ጫፍ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጥቷል። ዝናብ ስለነበር ውሃውም ቀዝቅዟል፤ ጦና አንድ ጥግ ይዞ ቆሟል። እህቴ «አንተ ተምረሃል አይደል?» አለችኝ። ይቺ ጥያቄ ናት ያጠፋችኝ።

ተምሬያለሁ ለማለት ሮጥኩ። ሱቅ ሄጄ ቴትራሳይክሊን ገዛሁ፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ካፕሱሉን ከፍቼ ውሃው ላይ በተንኩት። ስንት ሚሊግራም ለስንት ሊትር? አላሰላሁም። ውሃው ቢጫ ሆነ፣ አረፋ ያዘ፣ ጦናም ታች ወርዶ በጎኑ ተኛ። ኋላ ስረጋጋ ነው ያስታወስኩት፦ ጥጥ የመሰለው ሻጋታ ነበር፤ ቴትራሳይክሊን ደግሞ ባክቴሪያ እንጂ ሻጋታ አይነካም። በዚያ ላይ ውሃ ውስጥ ካለው ካልሲየምና ማግኒዢየም ጋር እየተጣመረ ኃይሉን ያጣል። ይሄን ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ እኮ!

ደንግጬ ውሃውን በሙሉ ደፋሁና ከጀሪካኑ ንጹሕ ውሃ ሞላሁለት። ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነው። ጦና እንደ እብድ ተሽከረከረ፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ላይ ተንሳፈፈ። እናቴ ከማድ ቤት ብቅ አለችና «ከየትኛው ቀዳህ?» አለች።

«ከሚጠጣው።»

«ውሃ አጋር አድርጌበታለሁ እኮ!»

ለጀሪካን አንድ ክዳን ክሎሪን፣ ውሃው ከደፈረሰ ሁለት። እኛን ከተቅማጥ የሚያድነን ያ ውሃ የዓሳን ስንጥብ ያቃጥላል። ክሎሪን ባክቴሪያን የሚገድልበት ጠባዩ ስስ የሆነውን የስንጥብ ሥጋም አይምርም። እኛ ስንጠጣው ጨጓራችን ይችለዋል፤ ዓሳ ግን የሚተነፍሰው በእሱ ነው። እናቴ ሳትናገር የልብስ ማጠቢያውን ጀሪካን አምጥታ አስቀመጠችልኝ፤ እሱ ምንም አልተጨመረበትም። ጦናን በወንፊት አንስተን ወደዚያ ውሃ አዛወርነው። ከሞት ያተረፈው የልብስ ማጠቢያ ውሃ ነው።

ማታ ስለ ዓሳ ያስተማሩን መምህር ጋ ደወልኩ። ሳቁብኝ፣ ከዚያ «ዓሳውን ተወውና ውሃውን አክም» አሉ። ጨው፣ ሙቀት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መቀየር፣ አበቃ። እኔም አዮዲን ያለውን የወጥ ጨው ልጠቀም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ትንሽ ስለሆነ አይጎዳውም አሉኝ።

ጨው ለምን ይጠቅማል? የንጹሕ ውሃ ዓሳ ደሙ ከዙሪያው ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ውሃ በስንጥቡና በቁስሉ ሳያቋርጥ ይገባበታል፣ ጨው ደግሞ ይወጣበታል። ጤነኛ ዓሳ በኩላሊቱ ውሃውን ሲያስወጣ ይውላል፤ የቆሰለ ግን በዚህ ሥራ ይደክማል። ዙሪያው ትንሽ ጨው ሲኖረው ሸክሙ ይቀልለታል፣ ሻጋታውም አይስማማውም። ለአራት ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ልክ በልክ፣ ያልተከመረ። መጀመሪያ በብርጭቆ ውሃ ይሟሟል እንጂ ደረቁን ዓሳው ላይ አይበተንም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ልሳሳት ነበር። ጨው አይተንም። በየቀኑ አንድ ሊትር ቀድቼ በአዲስ ስተካ የምጨምረው ጨው ለዚያች ለአንድ ሊትር ብቻ ነው፤ ይኸውም የማንኪያው ሩብ። በየቀኑ ሙሉ ማንኪያ ብጨምር ኖሮ በሳምንቱ ጋሼ የጠበቁት ነገር ይደርስ ነበር። እሳቸው በዚያ ሰሞን ብቅ ብለው ጨው ስለካ አይተው «በርበሬና ሽንኩርት ብቻ ቀርቶታል» ብለዋል።

ለሙቀቱ ማታ ማታ ዕቃውን በነጠላ ጠቅልለን ማድ ቤት፣ ከእሳቱ ራቅ አድርገን እናሳድረው ነበር። ሁለት ቀን ጾመ። ከዚያ እህቴ ከቦይ የወባ ትንኝ እጭ እያጠለለች በቆርቆሮ ታመጣለት ጀመር፤ ቤታ እጭ ይወዳል። አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣችና ቆርቆሮውን አየች። ወባ በሚያውቀን አገር እጭ በቆርቆሮ አስቀምጦ መገኘት... እህቴ ሁሉንም እዚያው ፊቷ ለጦና አጎረሰችው። ሠራተኛዋ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ቆርቆሮውን ራሷ ደፋችው።

በአምስተኛው ቀን ጥጡ ጠፋ። በአሥረኛው ጨዉን አቆምን፤ ከዚያ በላይ ማቆየት አያስፈልግም ተብያለሁ። ከዚያ ቀስ እያለ ክንፉ ጫፍ ላይ እንደ ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ነገር ወጣ። አዲስ የሚያድግ ክንፍ መጀመሪያ ቀለም የለውም። ከመሃሉ ያለው ቅዳድ ግን ሙሉ በሙሉ አልገጠመም።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። እህቴ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበረች፤ ስትመለስ ጦናን በሌላ ዕቃ አገኘችውና «አበባው ነው አይደል የጎዳው? እኔ ነኝ አይደል?» አለች። እኔም ዝም አልኩ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጥፋቱ ሁሉ የእሷ እንደሆነ አምና ጨው ስትለካ ከረመች። ወደ ግቢ ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ስለ ካፕሱሉና ስለ ክሎሪኑ ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬን ስይዝ መጥታ «ለምን አልነገርከኝም?» አለች፤ መልስ አልነበረኝም።

ለገና ስመለስ ጦና ሃያ ሊትር በሚይዝ ባልዲ ውስጥ ነው፤ አበባው የለም። ማድ ቤት ሦስት ጀሪካን ተደርድሯል። በአንዱ ላይ በማርከር፣ በእህቴ ጽሑፍ፣ «የጦና። ውሃ አጋር አይጨመርም። ወንድሜም አይንካው» ይላል።